ክንድ ላይ የሚቀበረው የሦስት ዓመቱ

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ ባለ ጤና ኬላ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሲወራ፣ ከሦስት ወሩ መርፌ ቀጥሎ ስሙ የሚነሣው ክንድ ላይ የሚቀበረው ኢምፕላኖን ነው። በሌሎች አገሮች ሴቲቱ ራሷ ብልቷ ውስጥ የምታስገባው ተጣጣፊ ቀለበትም አለ፤ 3 ሳምንት ቆይቶ ለአንድ ሳምንት ይወጣል። ቀለበቱ ከያዛቸው ሁለት ሆርሞኖች አንዱ ኤቶኖጄስትሬል ሲሆን ኢምፕላኖንም የያዘው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ቀለበቱ በየወሩ መታደስ አለበት፤ ኢምፕላኖን ግን አንዴ ከተቀበረ 3 ዓመት ያገለግላል።

ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከክብሪት እንጨት አይበልጥም። ቦታው ከደነዘዘ በኋላ ብዙ በማትሠራበት እጇ ላይ፣ በላይኛው ክንድ ውስጠኛ ጎን ከቆዳ ሥር ይገባል። እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል፤ የማህፀን በር ፈሳሽንም ያወፍራል። የወር አበባ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ከተቀበረ ወዲያው ይሠራል፤ ከዚያ ካለፈ ለ7 ቀን ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል። ቁስሉ ሲድን ውኃ መቅዳትም ሆነ በርበሬ መልቀም አይከለክልም። በጣት ሲዳሰስ ይገኛል፤ ከጠፋ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

አስቀድሞ በግልጽ ሊነገር የሚገባው የደሙ ነገር ነው። አንዳንዷ የወር አበባዋ ጨርሶ ይቀርባታል፤ ይህ ጉዳት የለውም፣ የሚጠራቀም ደምም የለም። ሌላዋን ግን ያለ ጊዜው፣ ለብዙ ቀናት ያንጠባጥባታል። በጎጃም ገጠር ደም ያየች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ቅዳሴውም ንግሡም ሊያልፋት ነው። ይህን ሳይነግሯት መቅበር ምርጫዋን መንጠቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቀበሌ የሚቀብሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። መርሐ ግብሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ 10ኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች በየቀበሌው ተመደቡ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ኢምፕላኖን መቅበርን ተማሩ። ታላቅ ሥራ ነው፤ እናቶችን ከረጅም መንገድ አሳርፏል። ማውጣቱ ግን ለጤና ጣቢያ ነርሶችና አዋላጆች ተተወ። ደጇ ላይ የተቀበረላትን ለማስወጣት ሩቅ የምትሄድ ሴት ብዙ ናት፤ ሙያተኛው ካልተገኘ ደግሞ ተመልሳ ትመጣለች። ስለዚህ ሲቀበርላት «መቼ፣ የትስ ይወጣልኛል?» ብላ ትጠይቅ፤ ቀኑ የተጻፈበትን ካርድም ትያዝ። 3 ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ የለባትም፤ በፈለገች ቀን ማስወጣት መብቷ ነው።

ኢምፕላኖን ኤችአይቪን አይከላከልም። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪረንዝ ኃይሉን ስለሚቀንሱት የምትወስድ ሴት ቀድማ ትናገር። ከወጣ በኋላ ሆርሞኑ በሳምንት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ ልጅ የምትሻው ቶሎ ልታረግዝ ትችላለች፣ የማትሻው ደግሞ በዚያው ቀን አዲስ ታስቀብር።