እንዶድና የዶክተር አክሊሉ ለማ ምርመራ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል በኩል ጧት የሚያልፍ ሰው፣ ዓሣ አጥማጆች ውሃ ውስጥ ቆመው መረባቸውን ሲያራግፉ ያያል። ውሃው ለዓይን ያማረ ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ሐይቅ ዳር ቢልሐርዝያ መኖሩ፣ በሽታውን የሚያስተላልፈውም ቀንድ አውጣ በዳርቻው ሣር ውስጥ መገኘቱ በምርመራ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ እኛ የዚህ ከተማ ተማሪዎች ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስንጽፍ ስለ ሩቅ ነገር መጻፋችን አይደለም።

የበሽታው ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ይገባል፤ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ የሰውን ቆዳ ይበሳል። ቀንድ አውጣው ከሌለ የትሉ መንገድ ይቋረጣል።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብለዋል። በ1964 ዓድዋ ላይ ወንዝ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጦች በብዛት አገኙ። ከላይ በኩል ግን በሕይወት ያሉ ነበሩ። ሕያዋኑን ወስደው በእንዶዱ አረፋ ቢፈትኑአቸው ሞቱ። ከእኛ መካከል አያቱ ነጠላዋን በእንዶድ ስታጥብ ያላየ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አረፋው ወርዶ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ አልነበረም።

አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የእንስሳ ሕዋስ ሁሉ በስስ የስብ ሽፋን የተከበበ ሲሆን በዚህ ሽፋን ውስጥ ኮሌስትሮል አለ። ሳፖኒኑ ከኮሌስትሮሉ ጋር ሲጣበቅ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለውም ይፈሳል። ቀይ የደም ሕዋስ በእንዶድ ውሃ ውስጥ የሚፈርሰው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያስደንቀው ግን ይህ ኀይል በደረቁ ፍሬ ውስጥ ተሸሽጎ መኖሩ ነው። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ፣ የራሱ ኤንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ የስኳሩን አንድ ክፍል ይቆርጥለታል፤ ገዳይ የሚሆነውም ያን ጊዜ ነው። በፈላ ውሃ ያዘጋጀው ሰው ኤንዛይሙን ስለሚያጠፋው ብዙም አይጠቀም። በስታንፎርድ የምርመራ ተቋም የነበሩ የኬሚስትሪ ሊቃውንት የለዩትን ሳፖኒን በዶክተሩ ስም «ለማቶክሲን» አሉት።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ሙከራ፣ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 63 ወደ 33፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶችን እየተከሉና እያወዳደሩ፣ «ዓይነት 44» የተባለውን መረጡ። ሁለቱ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ያም ሆኖ በአፍሪቃ ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት በውጭ ባለሙያዎች ዘንድ አመኔታ ለማግኘት እንደሚቸገር ዶክተር አክሊሉ በምሬት ይናገሩ ነበር። በ1990ዎቹ ግን እንዶድ የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የወረረውን ትንሽ ዛጎላማ እንስሳ መግደሉ ሲታወቅ፣ የፓተንት መብቱን የያዘው በዚያው አገር ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ስናነብ መገረም ብቻ አልበቃንም። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

«ታዲያ እንዶዱን ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ብንበትነውስ?» የሚል ጓደኛ አጋጥሞናል። አይሆንም። ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል፤ ቆሮሶውና አምባዛው የብዙ ቤት እንጀራ ነው፤ የሐይቁም ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዶድ ለጠባብ ጅረትና ለመስኖ ቦይ ይስማማል። ዛሬ ለሕፃናት የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በሰው ሆድ ያለውን ትል ይገድላል፤ ቀንድ አውጣውን ግን አይነካም፤ ክኒኑን የዋጠ ልጅ ሰንብቶ ውሃ ቢገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል።