አክተር የማይሞትበት ቤት

ቫንዳም «ሳይቦርግ» በሚባለው ፊልም ላይ ይሰቀላል። ሽፍቶቹ ባሕር ዳር ከቆመ አሮጌ መርከብ ምሰሶ ጋር ቸንክረውት ይሄዳሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቆይና የድሮ በደሉን ሲያስታውስ ምሰሶውን በተረከዙ ወደ ኋላ መደለቅ ይጀምራል። ይደልቃል፣ ይጮኻል፣ እንደገና ይደልቃል። መካነ ሰላም ቪዲዮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ልጅ እንጨቱ እስኪሰነጠቅ ትንፋሹን ይይዝ ነበር እንጂ አይሰጋም ነበር። አክተር አይሞትማ።

ይህን ፊልም ሰሞኑን በስልኬ ደግሜ አየሁት። ተራ ፊልም ነው፤ ተራ ማለትም ሲያንሰው ነው። ገንዘብ እንዳጠረው ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያስታውቃል፣ ታሪኩ ይንጠባጠባል፣ ክፉው ሰውዬ ከመናገር ይልቅ ማጓራት ይቀናዋል። ያም ሆኖ «ልጅ ነበርን፣ አናውቅም ነበር» ብዬ ላልፈው አልወደድኩም። ያኔ ባየነውና አሁን ስልኬ ላይ ባለው ፊልም መካከል አንድ ማሽንና አንድ ቤት አለ። ማሽኑ ዴክ ነው፤ ቤቱ ቪዲዮ ቤት። ሁለቱንም በዓይኑ ያላየ ትውልድ ስለደረሰ ማስተዋወቁ ተገቢ ነው።

ሲኒማ በአገራችን የትልቅ ከተማ ነገር ሆኖ ነው የኖረው። አዲስ አበባ ጥንት «ሰይጣን ቤት» ብላ ከሰየመችው አዳራሽ አንስቶ እነ አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ድረስ፣ ፊልም ማየት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ሕንፃና ትልቅ ከተማ ያስፈልጉት ነበር። ቪዲዮ ቤት ይህን አፈረሰው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት ካሴት፣ አምስት ስድስት አግዳሚ፤ በቃ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የፈላው ይህ ንግድ መካነ ሰላምም ገባ።

ከተማዋን ለማያውቅ፦ መካነ ሰላም የደቡብ ወሎዋ ቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነስቶ ጉጉፍቱንና አቀስታን አልፎ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው ደጋው የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው፤ ከእሷ ወዲያ መሬቱ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፣ ማዶው ጎጃም ነው። በሰሜኗ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ቪዲዮ ቤት ስገባ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ባና ለብሶ ከሆነ ግማሽ ስክሪን ተከለለብኝ ማለት ነው።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ። ቴሌቪዥኑ ከፍ ባለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሣጥኑ በር አለው፣ በሩ ቁልፍ አለው። በር ላይ በማርከር የተጻፈ ወረቀት ይለጠፋል፦ «ዛሬ በ8 ሰዓት ልዩ የቫንዳም ፊልም»። ልዩ ያልሆነ ፊልም ታይቶ አይታወቅም። ሳንቲም የሌለው ልጅ ከግድግዳው ውጭ ቆሞ ድምፁን ይሰማል፤ ማታ ደግሞ ካዩት ልጆች ይበልጥ አሳምሮ የሚተርከው እሱ ነው። ዝናብ የመጣ እንደሆነ ግን የውጭውም የውስጡም እኩል ይሆናሉ፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ የሚሰማ ነገር የለም፣ አክተሩ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

ተርጓሚም ነበረን። ደሞዝ የለውም፤ ክፍያው በነፃ መግባቱ ነው። እንግሊዝኛ ከክፍሉ ልጆች ትንሽ የተሻለ ስለሚችል ከፊት ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያስረዳል፣ ያልገባውን ደግሞ ይፈጥራል። «ሳይቦርግ»ን ሲያስረዳን ሴትዮዋ በጭንቅላቷ ውስጥ ወርቅ ደብቃለች፣ ሽፍቶቹ የሚያሳድዷት ለዚያ ነው አለን። አመንነው። እውነተኛው ታሪክ ሌላ ነው፦ ዓለም በወረርሽኝ ወድማለች፤ ፐርል የምትባለው ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን የሆነች ሴት የመድኃኒቱን ምስጢር ከኒው ዮርክ አትላንታ ላሉ ሐኪሞች ለማድረስ ትጓዛለች፤ ፌንደር የሚባለው የሽፍቶች አለቃ መድኃኒቱን ለራሱ ሊያደርግ ይፈልጋል። ሳስበው የእኛ ተርጓሚ ወርቅ ይሻል ነበር። መድኃኒት የሚያሳድድን ሽፍታ ከማመን ወርቅ የሚፈልግን ሽፍታ ማመን ይቀላል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ዴክ የምንለው ቪኤችኤስ ካሴት ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ በጄቪሲ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ ነው። ካሴቱ ሲዋጥ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ጆሯችን ውስጥ አለ፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን ክዳኑ ተከፍቶ ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለት ትንንሽ ተሸከርካሪ ዘንጎች ከካሴቱ ሆድ ፊልሙን ጎትተው ያወጡና አንድ የሚያብረቀርቅ የብረት ከበሮ ላይ ይጠመጥሙታል። ከበሮው 62 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ትንሽ ጋደል ብሎ ነው የተተከለው፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ያላቸው ማግኔታዊ ራሶች አሉ። እኛ «ሄድ» የምንላቸው እነሱን ነው።

ብልሃቱ ከበሮው ላይ ነው። ምስል ከድምፅ እጅግ የበዛ መረጃ ስላለው፣ ቴፑን ቀጥታ በአንድ ራስ ፊት በማሳለፍ ልቅዳ ቢባል በሰከንድ ብዙ ሜትር መሮጥ ይኖርበታል፤ አንድ ፊልም ለማየት ጋሪ ሙሉ ካሴት ይፈለጋል። ስለዚህ ቴፑ በዝግታ ይሄዳል፣ በሰከንድ 2.34 ሳንቲ ሜትር ብቻ፤ የሚሮጠው ከበሮው ነው። በእኛ አገር ቴሌቪዥን ይሠራበት በነበረው የፓል ሥርዓት በደቂቃ 1500 ጊዜ ይሽከረከራል። ከበሮው ስለተጋደለ ራሶቹ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቴፕ ላይ ሰያፍ መስመሮችን እየደረደሩ ይጽፋሉ፣ እያንዳንዱ መስመር የግማሽ ምስል ነው። በዚህ ዓይነት የሦስት ሰዓት ፊልም 258 ሜትር ገደማ በሆነ ቴፕ ላይ ይገባል። ድምፁ ግን በቴፑ ጠርዝ በዚያው በዝግታው ነው የሚቀዳው፤ የመካነ ሰላሙ ቫንዳም በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስል የነበረው በከፊል ለዚህ ነው።

ራሶቹ ትክክለኛውን መስመር ካልረገጡ ምስሉ ላይ ነጭ የበረዶ መስመር ይወጣል። ያን ጊዜ ከኋላ ጩኸት ይነሳል፦ «ጋሼ፣ ያስተካክሉልን እንጂ!» ባለቤቱ ትራኪንግ የሚባለውን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ያሽከረክራሉ። እሱ ካልሠራ ሄዱ ቆሽሿል ማለት ነው፤ ክዳኑ ተነስቶ ከበሮው አልኮል በነካ ጨርቅ ይጠረጋል። በዚያ መሀል ያለው ሕዝብ ፊልሙ ከየት እንደሚቀጥል ይከራከራል። አቧራና የከሰል ጭስ ባለበት ከተማ ይህ የሳምንት ሳይሆን የዕለት ሥራ ነበር።

ደጋው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዴክ እርጥበት ይፈራል። ሌሊቱን በውርጭ ያደረ የብረት ከበሮ ድንገት በሰው ትንፋሽ የሞቀ ክፍል ውስጥ ሲሆን ላብ ያወጣል፤ እርጥብ ከበሮ ላይ የሚሄድ ቴፕ ደግሞ ይጣበቃል፣ ይጨማደዳል፣ ይበጠሳል። ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ እርጥበት ሲሰማው ሥራ የሚያቆም መሣሪያ አስገብተዋል። ቆላ ያለ ቪዲዮ ቤት ይህን መሣሪያ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ጠዋት ዴኩ ካሴት ዋጥ አድርጎ መልሶ የሚተፋበት ቀን ነበር። ባለቤቱ አስቀድመው አብርተው፣ ከላዩ ጋቢ ጣል አድርገው ያሞቁታል። እንግዳ ሰው ቢያይ በሽተኛ የሚያስታምሙ ይመስለው ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚታየው ምስል ጥርት ያለ እንዳይመስላችሁ። ቪኤችኤስ አዲስም ሆኖ በአግድሙ 240 መስመር ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው። ወደ ቦረና የሚመጣው ካሴት ደግሞ አዲስ አይደለም፤ የቅጂ ቅጂ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት በተቀዳ ቁጥር ቀለሙ ከጠርዙ ይፈሳል፣ ጥላው ይጠቁራል፣ ፊት ይለሰልሳል። እንዳይቀዳበት የተሰበረችውን የካሴት ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኖ በላዩ ሌላ መቅዳት የተለመደ ስለነበር፣ ፊልሙ ሲያልቅ ከሥሩ የማናውቃቸው ሰዎች ሠርግ ብቅ ይል ነበር። ቫንዳም ሽፍታውን መንጠቆ ላይ ሰክቶ ሳይጨርስ ሙሽራዋ ኬክ ትቆርሳለች። ማንም አይነሳም፤ የተከፈለበት ስለሆነ ሠርጉም ይታያል።

በላዩ ላይ መቅዳትን የኛ ሰዎች ብቻ የሚያውቁት የቁጠባ ዘዴ አድርጌ እቆጥረው ነበር። የ«ሳይቦርግ»ን አሠራር ሳነብ ግን ፊልሙ ራሱ በትርፍራፊ የተሠራ ሆኖ አገኘሁት። ካነን የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ትልልቅ ፊልሞች ሊሠራ ተነሳ፦ አንዱ ዶልፍ ሉንድግሬን የተወነበት «ማስተርስ ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ» ተከታይ፣ ሌላው «ስፓይደርማን»። አልባሳትና የትዕይንት ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ሁለቱም ቀሩ። አልበርት ፓዩን የተባለው ዳይሬክተር ታዲያ የተሠራው ዕቃ እንዳይባክን አዲስ ታሪክ አሰበ። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሰጠው፣ ሰሜን ካሮላይና ዊልሚንግተን ውስጥ ቀረጸው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። ለአክተርነት የተመረጠው ከአንድ ዓመት በፊት በ«ብለድ ስፖርት» ለዚሁ ኩባንያ ገንዘብ ያመጣው ቫንዳም ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ካነን ግን አልዳነም።

ስሞቹም ከመሣሪያ መደብር የተለቀሙ ናቸው። አክተሩ ጊብሰን ሪከንባከር ይባላል፤ ሁለቱም የጊታር ፋብሪካዎች ናቸው። ጠላቱ ፌንደር ትሬሞሎ ነው፤ ፌንደርም ጊታር ነው። ማርሻል የድምፅ ማጉያ፣ ፐርል የከበሮ ስም ነው። እኛ ይህን ስለማናውቅ ጊብሰን የጀግና ስም መስሎን በሠፈር ጨዋታ ስንጣላበት ነበር።

እንግዲህ ስልኬ ላይ ያየሁት ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ፐርል ማሽን መሆኗን ለማሳየት የራስ ቅሏን ከፍታ ውስጡን የምታሳይበት ቦታ አለ። በልጅነቴ ከዚያ በኋላ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ሽንት ቤት መሄድ ፈርቼ ነበር። ጥርት ባለው ቅጂ ሲታይ አሻንጉሊት ጭንቅላት ነው፤ ቆዳው ጎማ መሆኑ፣ ዓይኑ ባዶ መሆኑ፣ ፀጉሩ የት ላይ እንደተለጠፈ ይታያል። የወደመችው ከተማም ከተቀባ ጣውላና ከጭስ የተሠራች ናት። መካነ ሰላም በደረሰው ካሴት ላይ ግን ስፌቱ አይታይም ነበር። ጎማና ቆዳ በዚያ ጭጋግ ውስጥ አይለዩም፤ ጣውላውና ድንጋዩም እንደዚያው። የካሴቱ መጥፎነት የፊልሙን መጥፎነት ሸፈነለት። ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላሩ ፊልምና ይህ የግማሽ ሚሊዮኑ እኛ ዘንድ ሲደርሱ እኩል ነበሩ፤ ሁለቱም የደበዘዙ፣ ሁለቱም በርሜል ውስጥ የሚናገሩ። የሚለያቸው የሚሰጡት ፍርሃትና የሚመቱት ካራቴ ብቻ ነበር፣ በዚህ ደግሞ «ሳይቦርግ» አይታማም። ተርጓሚያችን ወርቁን ሲጨምርበትማ የተሟላ ሆነ።

ዴክን መጀመሪያ ቪሲዲ፣ ቀጥሎ ዲቪዲ ተካው። ተርጓሚውንም በአማርኛ ተተርኮ የሚሸጠው ትርጉም ፊልም ከሥራ አስወጣው። የዓለም የመጨረሻው አምራች የሚባለው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ዴክ መሥራት አቆመ። ቪዲዮ ቤቶቹ ብዙዎቹ ዲኤስቲቪ ቤት ሆነው የእንግሊዝ ኳስ ያሳያሉ፤ አግዳሚው ያው ነው፣ ጩኸቱ ብሷል። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለባት መካነ ሰላም ተማሪው ፊልም በፍላሽ ይቀባበላል፣ ብቻውን በጆሮ ማዳመጫ ያያል።

ኢትዮጵያ ራሷ የምትታይበት፣ እንደ «ሳይቦርግ» ስለጠፋ ዓለም የሚያወራ ፊልም ለማየት እ.ኤ.አ. እስከ 2015 መጠበቅ ነበረብን። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ በሠራው «ክራምብስ» ውስጥ ዳሎል የፈራረሰ ዓለም ሆኖ ይታያል፤ ሰማይ ላይ የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሏል፤ የእኛ ዘመን ተራ ዕቃዎች እንደ ቅርስ ይሸጣሉ፤ ጸሎት የሚደረሰው ለቅርጫት ኳሰኛው ማይክል ጆርዳን ነው። ከ«ሳይቦርግ» በብዙ ይሻላል፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቢከፈት ግን ካራቴ የለውምና ተመልካቹ ገንዘቤን መልሱ ባለ ነበር።

«ሳይቦርግ» ደግሞ ሁለተኛ ሕይወት አግኝቷል። ፓዩን ያቀናበረው የመጀመሪያ ቅጂ ከእጁ ተወስዶ በሌሎች ተለውጦ ነበር ለሲኒማ የወጣው። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የእሱ ቅጂ ለፊልሙ ሙዚቃ በሠራ ባልደረባው ዘንድ ተገኘ። የተገኘው በቪኤችኤስ ካሴት ላይ ነው፤ ፓዩንም «ስሊንገር» ብሎ ከዚያው ካሴት አወጣው። ስለዚህ የዳይሬክተሩን እውነተኛ ፊልም ማየት የሚፈልግ ሰው በግድ ደብዛዛውን ያያል፤ ቀለሙ የፈሰሰውን፣ ጥላው የጠቆረውን። ፈልጌ ላየው አስቤያለሁ፤ በስልክ ግን አይደለም።