ምቱ ለማን ነው?
ስለ ዘመኑ የምት ጨዋታና ስለ ልጆቻችን አስተዳደግ

የፍልሰታ ጾም የልጆች ጾም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጾም ያልጀመረው ሕፃን ሳይቀር ነጠላውን አጣፍቶ ከእናቱ ጎን ቆሞ ከቤተ ክርስቲያን ይውላል፤ ቅዳሴውም እስኪያበቃ ድረስ ረኃቡን ይታገሣል። ስለዚህ በዚህ ጾም ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ልጅ ሲታይ ቤተ ሰቡ መደንገጡ፣ ጎረቤቱም መጠየቁ አይቀርም።

በፍኖተ ሰላም ከተማ በእንግድነት በተቀመጥንበት በአንድ ክርስቲያን ቤት የገጠመን ነገር ይህ ነበር። የቤቱ ልጅ ዕድሜው 13 ዓመት ነው። በካናዳ የሚኖር አጎቱ ኒንቴንዶ ስዊች የተባለውን በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ልኮለት ነበርና፣ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ቅዳሴ አልሄደም፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱንም ትቷል። አባቱ ተቈጥቶ መሣሪያውን ሊሰብረው ተነሣ። እናቱ ግን፣ «ልጄ ተኩስ ሲሰማ ከርሟል፤ ትምህርት ቤቱም ተዘግቶበት ነበር። የሣቀው ይህን ካገኘ ወዲህ ነው። ይህን ብትነጥቀው ወዴት ይሄዳል?» ብላ ተከላከለች።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከተስፋፋ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ከትምህርት ገበታና ከጓደኛ የተለየ ልጅ በቤት ውስጥ ሲቀመጥ እጁ የሚያርፈው በቅርቡ ባገኘው ነገር ላይ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ደግሞ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራልና፣ ያለ ከልካይ ቀኑን ሙሉ ሊያጫውት ይችላል። እኛም በዚህ ቤት የሰማነው ክርክር በብዙ አንባቢዎቻችን ቤት የሚሰማ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ነገሩን ሳንመረምር ከመፍረድ ይልቅ መርምረን ለመጻፍ ወደድን።

ልጁን የማረከው ጨዋታ ስሙ ፍሎር ኪድስ ይባላል። በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ተሠርቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የወጣ ነው። ሥዕሎቹን ያዘጋጀው ጆንጆን በሚል ስም የታወቀው ሠዓሊ ሲሆን፣ ሙዚቃውን የሠራው ደግሞ ኪድ ኮዋላ የተባለው የሸክላ ሙዚቃ አጫዋች ኤሪክ ሳን ነው። በጨዋታው ውስጥ ወጣቶች ብሬክ ዳንስ የተባለውን ጭፈራ ይጨፍራሉ፤ ቆመው በእግራቸው ይረግጣሉ፣ ወደ መሬት ወርደው በእጃቸው ይደገፋሉ፣ በጀርባቸው ይሽከረከራሉ፣ በመጨረሻም እንደ ሐውልት ደርቀው ይቆማሉ። ተጫዋቹ ቁልፎቹን የሚነካው ከሙዚቃው ምት ጋር አስማምቶ ነው። ምቱን ከሳተ ነጥቡ ይቀንሳል፤ አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ከሠራም ዋጋ ያጣል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው የሥዕሉ አሠራር ነው። የጨፋሪዎቹ እንቅስቃሴ በእጅ የተሳለ ነው። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ማለት እርስ በርሳቸው ጥቂት ጥቂት የሚለያዩ ብዙ ሥዕሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ዓይን እንደ አንድ እንቅስቃሴ የሚያያቸው ነው፤ በሲኒማ ልማድ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ያልፋል። ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ ሐረግ ሲስል መስመር በመስመር፣ ቀን በቀን እንደሚደክም ሁሉ፣ ይህም በትዕግሥት የሚሠራ ሥራ ነው። ልጆቻችን ይህን ድካም አያውቁም፤ የሚያዩት የተጨረሰውን ብቻ ነው።

በእንግድነታችን በሦስተኛው ቀን የልጁ አያት ከቡሬ ገጠር መጡ። አያቱ ዕድሜያቸውን በአቋቋም አገልግሎት የፈጸሙ መሪጌታ ናቸው። ክርክሩን ሰምተው ዝም አሉና፣ ጥቂት ቆይተው ልጁን ወደ አጠገባቸው ጠሩት።

«ና እስቲ ልጄ፤ ይህ የምትነካካው ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው አባባ። ከምቱ ጋር ካልተስማማሁ ነጥቤ ይቀንሳል።»

መሪጌታ ሥዕሉን አላዩትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ብቻ አዳመጡ። ጥቂት ቆይተው የመቋሚያቸውን ጫፍ ቀስ እያደረጉ መሬቱን ይነኩ ጀመር። «በአራት በአራት ነው የሚሄደው» አሉ። «አንተ ግን ትቀድመዋለህ። ምቱን የሚቀድም መዘምር ማኅበሩን ያፋልሳል፤ ጠብቀው።» ልጁም እንደታዘዘው ቢጠብቅ ነጥቡ ከፍ አለ። በመገረም ቀና ብሎ ሲያያቸው ጊዜ፣ «ምቱስ ምት ነው፤ ክፋት የለበትም። ለማን እንደሚመታ ግን ጠይቅ። እኛ ስንመታ የሚሰማን አምላክ አለ፤ አንተ ስትመታ ማን ይሰማሃል?» አሉት። ልጁ መልስ አልሰጠም። አባትና እናቱም ዝም አሉ።

የመሪጌታ ጥያቄ ወደ ሁለት መንገድ ይመራናል። አንደኛው የዚህ ጭፈራ ምንጭ ከወዴት እንደሆነ መመርመር ነው። ሁለተኛው በገዛ ቤታችን ያለውን ማየት ነው።

የብሬክ ዳንስ ሀገሩ በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ የተባለው ሠፈር ነው። በዚያ ዘመን በብሮንክስ ድህነት ጸንቶ፣ ቤቶች እየተቃጠሉ፣ ወጣቶችም በቡድን ተከፋፍለው ይዋጉ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 1971 ዓ.ም. ጌቶ ብራዘርስ ከተባለው ቡድን አንድ ወጣት፣ ሊጣሉ በተዘጋጁ ወገኖች መካከል ሊያስታርቅ ሄዶ ተገደለ። ሁሉም ደም ይፈስሳል ብሎ ሲጠብቅ ቡድኑ በቀልን ተወ፤ ተፋላሚዎቹም በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ስለ ዕርቅ ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ወጣቶች ያንዱን ሠፈር ለቀው ወደ ሌላው ሠፈር በአንጻራዊ ሰላም ለመመላለስ ቻሉ።

በነሐሴ ወር 1973 ዓ.ም. ደግሞ ከጃማይካ የመጣው ክላይቭ ካምፕቤል፣ በሙዚቃ ስሙ ኩል ኸርክ፣ በዚያው በብሮንክስ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ አዳራሽ ጭፈራ አዘጋጀ። ወጣቶቹ ከዘፈኑ ሁሉ ይልቅ ከበሮው ብቻውን የሚመታበትን አጭር ክፍል እንደሚጠብቁ አስተውሎ ነበርና፣ ሁለት ተመሳሳይ ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ያንን ክፍል እየደጋገመ አስረዘመላቸው። ያ ክፍል በእንግሊዝኛ ብሬክ ስለሚባል ጭፈራውም ስሙን ከዚሁ አገኘ። ከጊዜ በኋላ በሠፈርና በሠፈር መካከል የነበረው ፉክክር ለብዙ ወጣቶች ከጡጫ ይልቅ በጭፈራ የሚፈጸም ሆነ። ጭፈራው እያደገ ሄዶ በነሐሴ ወር 2024 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር ቀረበ፤ አሚ የተባለችው ጃፓናዊትና ፊል ዊዛርድ የተባለው ካናዳዊ ወርቅ አገኙ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 3 እና 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለነበር፣ እኛ በፍልሰታ ጾም ላይ ነበርን።

ይህን የምንተርከው ጭፈራውን ለማመስገን አይደለም። ነገር ግን የደም ዕዳ ምን እንደሆነ፣ የሽማግሌ ዕርቅም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለሚያውቅ ለጎጃም ሰው፣ ይህ ታሪክ ባዕድ አይመስለንም። ከተማይቱስ ስሟ የሰላም መንገድ ማለት አይደለምን? ልጆቻችን የሚያዩት ነገር ሁሉ ከክፋት የተወለደ ነው ብለን ብንነግራቸውና እነርሱ እውነቱን ከሌላ ቦታ ቢሰሙ፣ ሌላውንም ምክራችንን ሳያምኑን ይቀራሉ።

ወደ ገዛ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ፣ ዜማንና ምትን ቤተ ክርስቲያናችን ከማንም አልተበደረችም። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች አስተማረ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ፣ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሕመሙ እንዳልታወቃቸው አባቶች ይተርካሉ። በአቋቋም ትምህርት ዝማሜ፣ ቁም፣ መረግድ፣ ጽፋትና ወረብ የተባሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አካሄድ አላቸው። በዝማሜ መቋሚያው ያለ ከበሮ ይወዛወዛል፤ በመረግድ ከበሮው ረጋ ብሎ ይመታል፤ በጽፋት ጭብጨባው ይፈጥናል። የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ፣ በላዩ የተጠላለፈው ጠፍር ደግሞ የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ እንደሆነ መምህራን ያስተምራሉ። ንጉሥ ዳዊትም በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲያሸበሽብ ሜልኮል በልብዋ እንደናቀችው በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የተነቀፈው ግን ማሸብሸቡ ሳይሆን ንቀቷ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ በሰውነት መንቀሳቀስ አይደለም። በማኅሌት የሚያሸበሽበው መዘምር ራሱን አያሳይም፤ ከማኅበሩ ጋር አንድ ሆኖ ይሠዋል። በጨዋታው ውስጥ ያለው ወጣት ግን ይታይ ዘንድ፣ ያሸንፍም ዘንድ ይጨፍራል። የመጀመሪያው ጸሎት ነው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ነው። ጨዋታ በጨዋታነቱ ሲቀር አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው የጸሎትን፣ የትምህርትንና የእንቅልፍን ቦታ ሲወስድ ነው።

በዚህ ነገር ሐኪሞችም ከአባቶች የራቀ ምክር አልሰጡም። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. አጽድቆ ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ በጨዋታ መገዛትን እንደ ሕመም መዝግቦታል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ልኩን መቆጣጠር አለመቻል፣ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያመጣ እንኳ አለመተው። ሐኪም ሕመም ነው የሚለው ግን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር ሲቆይ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ወር የተጠመደውን ልጅ ሁሉ በሽተኛ ነው ማለት ስሕተት ነው። ይኸው ድርጅት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ሕፃናት ተቀምጠው ምስል የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። እያለቀሰ ያለን ሕፃን ስልክ ሰጥተን የምናባብል ወላጆች ይህን ልብ ልንል ይገባናል።

የሀገራችን ወጣቶችም ጨዋታ መሥራት ጀምረዋል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ኩኩሉ የተባለውን ጨዋታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. አውጥቷል፤ የአባቶቻችንን ገበጣም በስልክ እንዲጫወቱት አድርጎ ሠርቷል። ድርጅቱ ስሙን ከቅኔ መውሰዱ ለጎጃም ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። የዋሸራን ቅኔ ያፈራ ሀገር፣ ልጆቹ ሥዕልንና ስሌትን ቢማሩ፣ የሌላውን ጨዋታ ተቀባይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

መሪጌታ ለደብረ ታቦር በዓል የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ቡሬ ገጠር ሲመለሱ እኛንም አስከተሉን። በቡሄ ዋዜማ የመንደሩ ልጆች ጅራፍ እያጮሁ፣ ዱላቸውን በአንድነት መሬት ላይ እየመቱ ሆያ ሆዬ ይሉ ነበር። የከተማው ልጅ መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ ዱላ ተቀብሎ ገባ፤ እንደ ልማዱም ምቱን ቀደመ፤ ልጆቹም ሣቁበት። አያቱ ከሩቅ ሆነው፣ «ጠብቀው!» ብለው ጮኹ። ጠበቀው። ከዚያ በኋላ ሙልሙሉን ታቅፎ እስኪመለስ ድረስ የዱላው ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ አልተሰማም። በማግሥቱም ማለዳ ሳይጠራ ተነሥቶ ከአያቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ልጁ ጨዋታውን ተወ ብለን ብንጽፍ ግን ዋሾች እንሆናለን። አልተወም። ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመለስ መሣሪያው እንደ ነበረ ቆየው። የተለወጠው አባቱ ነው። «መሣሪያውን ልሰብር ተነሣሁ እንጂ፣ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ምን እንደሚጫወት አልጠየቅሁትም» ሲል በፊታችን ተናገረ። ከዚያም ከልጁ ጋር ተማክሮ፣ ጨዋታው ከጥናት በኋላ በቀን ለ1 ሰዓት እንዲሆን፣ በጾምና በበዓል ጠዋት ፈጽሞ እንዳይነካ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጁ ከበሮ እንዲማር ተስማሙ። ይህ ሥርዓት ይጸና እንደሆነ ጊዜ ይፈርዳል።

ለአንባቢዎቻችን የምንሰጠው ምክር ከዚሁ የተገኘ ነው። አንደኛ፣ ልጃችሁ የሚጫወተውን ሳታዩ አትፍረዱ፤ ደም ማፍሰስን የሚያስተምር ጨዋታና የምት ጨዋታ አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ወስኑ፤ የወሰናችሁትንም እናንተ ራሳችሁ በስልካችሁ ላይ ጠብቁ፤ አባት በማዕድ ላይ ስልኩን እየነካካ ልጁን ቢገሥጽ ቃሉ ክብደት የለውም። ሦስተኛ፣ ከወሰዳችሁበት የሚበልጥ ስጡት። ከልጅ እጅ መሣሪያን ነጥቆ እጁን ባዶ መተው ማሳደግ አይደለም፤ ከበሮ፣ እርሳስ፣ መጽሐፍ፣ ከሁሉም በላይ የአያት ጊዜ ስጡት።

ምት የሌለው ልጅ የለም፤ እናት በጀርባዋ አዝላ እሹሩሩ ስትለው ጀምሮ ሲሰማው ያደገ ነው። ምቱ ለማን እንደሆነ ማሳየት ግን የእኛ የወላጆች ዕዳ ነው። እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ ለሀገራችንም ሰላሙን ይስጥልን። አሜን።