ፕላኔታሪየሙ ምን ያሳያል? ቴሌስኮፑስ?

ፕላኔታሪየም የሰማይን ምስል ጣሪያው ላይ የሚያሳይ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ጉልላት ነው። ወንበርዎ ላይ ጋደም ብለው ቀና ይላሉ፤ መብራት ይጠፋል፤ ከዋክብት ይወጣሉ። ውጭ ቀትር ይሁን ዝናብ ለውጥ የለውም።

በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ያለውን ሞርሄድ ፕላኔታሪየም ምሳሌ ላድርግልዎ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በዚያ ዘመን ገንዘብ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። ወጪውን የሸፈኑት የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ ጆን ሞትሊ ሞርሄድ ናቸው።

ከዋክብቱ ከየት ይመጣሉ? አዳራሹ መሃል ከቆመው ፕሮጀክተር፣ ማለትም በብርሃን ምስል ከሚጥለው መሣሪያ። የጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ የሠራው የድሮው ዓይነት ውስጡ ኃይለኛ አምፖል አለው። አምፖሉን የከበቡት ሰሌዳዎች በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሱ ናቸው። በአንዱ ቀዳዳ የሾለከ ብርሃን በሌንስ አልፎ ጉልላቱ ላይ አንድ ኮከብ ይሆናል። ለደማቁ ኮከብ ቀዳዳው ሰፋ ይላል። ሞተሩ ሲያዞረው ሙሉ ሌሊት በደቂቃዎች ያልፋል።

ይህ ሁሉ ለትርኢት ብቻ ነው? አይደለም። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ጠፈርተኞቹን ከዋክብት እንዲለዩ ሞርሄድ ውስጥ አሠልጥኗል። እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ጨረቃ የተላከችው መንኮራኩር አፖሎ 12 ገና እንደተነሳች መብረቅ መታት፤ አቅጣጫ የሚጠብቀው መሣሪያዋም ተዛባ። ጠፈርተኞቹ ያስተካከሉት ከዋክብትን ለይተው በማነጣጠር ነው። ለእኔ የፕላኔታሪየም ዋጋ ከዚህ በላይ የሚታይበት ቦታ የለም።

ዛሬ ሥራውን ኮምፒውተርና ቪዲዮ ፕሮጀክተር ተረክበዋል። የፈለጉትን ቀን፣ የፈለጉትን አገር ሰማይ ያወጡልዎታል። ነገር ግን ቶሎ ያረጃሉ። የድሮው ማሽን ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግል፣ እነዚህ በየጊዜው መቀየር አለባቸው። ስለዚህ ወጪው በግዢ አያበቃም።

ቴሌስኮፑ የሚያየው እውነተኛውን ሰማይ ነው። ሞርሄድ ሕንፃ ላይ ያለው ቴሌስኮፕ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መስታወት አለው። «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት የመስታወቱን ስፋት ይጠይቁ፤ የቴሌስኮፕ ዋና ሥራ ብርሃን መሰብሰብ ነውና። ጨለማ ውስጥ የዓይናችን ብሌን ቢሰፋ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ መስታወት ከዚያ ከ7,000 እጥፍ በላይ ብርሃን ይቀበላል። የእኛዎቹ የእንጦጦ ሁለት ቴሌስኮፖች ደግሞ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ስላላቸው፣ ከሞርሄዱ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሰበስባሉ።

ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ከእይታ ይሸሻል። ስለዚህ ሞተር ቴሌስኮፑን በሰዓት 15 ዲግሪ እያዞረ ይከተለዋል። የከተማን መብራት ግን ሞተርም መስታወትም አያሸንፈውም። ስለዚህ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለከባዱ ሥራ ቺሊ ተራራ ላይ ያለውን፣ 4.1 ሜትር መስታወት የተገጠመለትን ሶር የተባለ ቴሌስኮፕ ከሌሎች ተቋማት ጋር በጋራ ይጠቀማሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ቻፕል ሂል ቁጭ ብለውም በኢንተርኔት ያዙታል።