ባቡር የወለደው ከተማ በካርታ ላይ፤ ድሬዳዋና ቀበና

በአዲስ አበባ በቀበና ሠፈር የኖረ ሰው፣ ካርታ ባይማርም፣ የአንድ ሠፈር አቀማመጥ ከምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ወንዙ ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ቤቱ በወንዞች መካከል ባለው ጉብታ ላይ ይሠራል፣ መንገዱም ዳገቱን እየተከተለ ይጠማዘዛል። በካርታም ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ሥፍራዎች የሚያያይዙት ቀጫጭን መስመሮች በተራራው ግርጌ ተጠጋግተው ወደ ደቡብ ሲሄዱ ይራራቃሉ።

የድሬዳዋ ካርታ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ከተማይቱን የወለዳት ባቡር ነውና። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ፣ በመጀመሪያ እንዲደርስ የታሰበው ሐረር ነበር። ይሁን እንጂ ሜዳው 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. በተራራው ግርጌ ቆመ፤ ሥፍራውም አዲስ ሐረር ተባለ። ከዚያም ኩባንያው በገንዘብ እጥረት ስለወደቀ ሥራው ለዓመታት ተቋርጦ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል መንደሩ የሐዲዱ መጨረሻ ሆኖ መቆየቱ ነጋዴውንና የግመሉን ቅፍለት ስቦ ከተማ አደረገው።

ስለዚህ የባቡር ጣቢያው በሚገኝበት በከዚራ መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ግን ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። መሐንዲስ የቀየሰውን ሠፈር ነዋሪው ራሱ ከሠራው ለይቶ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ያለ አይመስለኝም።

ካርታው አንባቢውን የሚያሳስተው በደቻቱ ላይ ነው። ቀበናን ሁሉም ወንዝነቱን ያውቃል፤ ደቻቱ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ፣ በወረቀቱ ላይ በሁለቱ ሠፈሮች መካከል የተተወ ባዶ ሥፍራ ይመስላል፤ ሰውም እንደ መንገድና እንደ ገበያ ይገለገልበታል። የከፍታውን መስመሮች ወደ ደቡብ የተከተለ ሰው ግን የተራራው ውሃ ወደዚያው አሸዋ እንደሚወርድ ይረዳል። በከተማው ባይዘንብም በተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በዳርቻው የነበሩትንም ቤቶች ጠርጎ ወስዷል።