«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሕዝብ ዛሬ ማንን ያከብራል?

በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ መጽሐፍ እጦቱና ስለ መምህሩ ደመወዝ ማነስ ብዙ ተብሏል፤ እውነትም ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናነሳ የወደድነው እምብዛም ስለማይነገርለት ነገር፣ ስለ ባህላችን ነው።

ለመሆኑ ያ የቆሎ ተማሪ ምን ነበረው? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በለመነው ቁራሽ እያደረ ከፊደል እስከ ዳዊት፣ ከዜማ እስከ ቅኔ ይዘልቅ ነበር። የወሎው ደረሳም ከሼህ ወደ ሼህ እየተዘዋወረ ኪታብ ሲቀራ የሚያበላው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ደመወዝ ቃል የገባላቸው አልነበረም። ነገር ግን ራሷ የጎደለባት ባልቴት እንኳ ከሌማቷ ቆርሳ ትሰጥ ነበር። ልመናው ውርደት ሳይሆን የትምህርቱ አካል እንዲሆን ያደረገው ይህ ክብር ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን የማትሪክ ውጤት በወጣ ቀን «ስንት አመጣ?» የማይል ጎረቤት አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ ያ ባህል እንከን አልባ አልነበረም። አለንጋው ነበረ፤ የሴት ልጅ ድርሻም በአመዛኙ ማጀት ነበር። ይህንን ማንም እንዲመለስ አይሻም።

ዛሬስ? ታላቅ ወንድሙ ዲግሪውን ይዞ ያለ ሥራ ሲቀመጥ የሚያይ፣ ሹመት በዕውቀት ሳይሆን በታማኝነት እንደሚገኝ የሚሰማ ልጅ «ተማር» ቢሉት ለምን ይሰማል? ልጅ የሚነገረውን ሳይሆን ሲከበር ያየውን ይከተላል።

በስደት ያለነውም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ልጆቻችንን ቅዳሜና እሁድ የአማርኛ ፊደል እንዲቆጥሩ እንልካቸዋለን፤ ቤት ስንገባ በባዕድ ቋንቋ እናወራቸዋለን። በየስብሰባችንም የፊት ወንበር ለባለሀብቱና ለፖለቲከኛው እንጂ በነፃ ለሚያስተምራቸው መምህር አይያዝም።

ፈተናን ማጥበቅ ኩረጃን ያስቀር ይሆናል፤ የመማር ፍላጎትን ግን አይወልድም። መንግሥት ሹመትንና ሥራን ለዕውቀት ይስጥ። እኛም ከዛሬ ጀምሮ መምህሩን ከፊት ወንበር እናስቀምጠው፤ ልጆቻችን ያያሉና።

ቸር ያሰማን!