ወላጆቻችንን ስልክ ስናስተምር

ልጇ ጅዳ ያለች እናት የድምፅ መልእክት በመጣ ቁጥር የጎረቤት ልጅ እስኪከፍትላት ትጠብቃለች። የቤቷ ገመናም በሰው ጆሮ ይገባል። ይህን በየሰፈራችን እናያለን።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም ዋትስአፕን መልመድ ይችላሉ። የማይክራፎኑን ምልክት ተጭኖ ይዞ መናገር፣ ሲጨርሱ መልቀቅ ነው፤ ድምፁ ይሄዳል። ዛሬ ይህን ብቻ፣ ነገ ደግሞ የመጣውን ከፍቶ መስማትን እናሳያቸው። ስልኩን ከእጃቸው ወስደን ከምንሠራላቸው በራሳቸው ጣት ቢደጋግሙት ይሻላል።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አብሮ ይነገር። አንደኛ፣ በአጭር መልእክት የሚመጣው ባለ 6 አሃዝ ኮድ እንደ ቤት ቁልፍ ነው፤ «ልጅሽ ነኝ» ለሚልም አይሰጥም። ኮዱን ያገኘ ሌባ አካውንቱን ወስዶ በእናት ስም ከዘመድ ገንዘብ ይለምናል። ሁለተኛ፣ ድርብ ቀስት ያለበት መልእክት ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያዞረው ነው፤ ብዙ መዞሩ ለእውነትነቱ ምስክር አይሆንም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬን እንድናጣራ አዞናል።

በሱረቱል ኢስራእ 23ኛ አንቀጽ ደግሞ ወላጆቻችንን «ኡፍ» እንኳ እንዳንል ተከልክለናል። አሥር ጊዜ ቢጠይቁን አሥር ጊዜ እናሳያቸው። ወላሁ አዕለም።